በለቅሶ ቀንም መድኃኒት አይቋረጥም ያሉት የሲስተር ፈንታነሽ ደጀን የሕይወት ታሪክ

ሲስተር ፈንታነሽ ደጀን ከአባታቸው ከአቶ ደጀን ገሰሰና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደሳለች ይሻው በ1962 ዓ.ም. ጋፋት ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ «አይሆንም» ሲባሉ «ለምን?» ሳይሉ አያልፉም ነበር፤ በዚህም ቤተሰቡን ብዙ አስጨንቀዋል።

ደብረ ታቦር ተምረው፣ በነርስነት ተመርቀው፣ በ1985 ዓ.ም. በገጠር ጤና ጣቢያ ሥራ ጀመሩ። መምህር ሙሉቀን ወርቁን አግብተው ትእዛዝንና አዲስዓለምን ወለዱ።

በ1999 ዓ.ም. የደም ግፊት ታማሚ የነበሩት እናታቸው የገዛ ወንድማቸው ሞተውባቸው ለቅሶ ተቀመጡ። ጎረቤቶች መድኃኒታቸውን ቢያስታውሷቸው፣ «ወንድሜን አፈር አልብሼ እኔ ለነፍሴ ክኒን ልዋጥ?» ብለው ተቆጡ። በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ወደቁ፤ በዚያው ቀሩ። ሲስተር ፈንታነሽ ሩቅ ሥራ ላይ ነበሩና የደረሱት ለቀብር ነው። ይህ ሐዘን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልወጣላቸውም።

በዚያ ጊዜ የግፊትና የስኳር ሕመምተኛ ለክትትል ሆስፒታል ድረስ ይንከራተት ነበር፤ መንገዱ ያታከተው መድኃኒቱን ይተወዋል። ሲስተር ፈንታነሽ ጎንደር ሄደው ከመደበኛው ነርስነት ከፍ ያለ ትምህርት ተማሩ። በ2004 ዓ.ም. ሲመለሱ ሕመምተኛን መርምረው፣ መድኃኒቱን አስተካክለው፣ የከበደውን ብቻ ወደ ሐኪም ለመላክ የሚያበቃ ሥልጠና ነበራቸው። በጤና ጣቢያው የክትትል ክፍል ስጡኝ አሉ። አንድ ኃላፊ ግን «ነርስ መርፌዋን ትውጋ፤ መድኃኒት ልትጨምር ልትቀንስ ማን ናት?» አሉና ሊሰጣቸው የታሰበውን ክፍል ቆልፈው ዕቃ ቤት አደረጉት።

እሳቸውም ጠረጴዛቸውን ወደ ግቢው አወጡ። ከጣራ ገዳም ግርጌ ሳይቀር የመጡ ሕመምተኞች ሣሩ ላይ ተቀምጠው «በሩ ካልተከፈተ አንነሣም!» አሉ። ዝናብ መጣ፤ አልተነሡም። በሩ ተከፈተ።

ከዚያ ወዲያ ሲስተር ፈንታነሽ የግፊት መለኪያቸውን ሳይዙ ለቅሶ ቤት አይገቡም ነበር። «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ሳይጨርሱ «ክኒንሽን ውጠሻል?» ይላሉ። በዚህ የተቀየሟቸው አሉ። ይቀየሙ! በሕይወት ያለ ሰው ነው የሚቀየመው።

በ2010 ዓ.ም. በካንሰር ታመው ሲታከሙ ቆይተው ሐምሌ 14 ቀን 2011 ዓ.ም. አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ያሠለጠኗቸው ሲስተር ትዝታ በሐዘን ላይ ናቸው።

«ክፍሉም አብሯቸው ይዘጋል» የሚል ወሬ ሰምተናል። አይዘጋም። ነገ ጠዋት ሲስተር ትዝታ ሥራ ይገባሉ። በሩ ከተቆለፈባቸው ግቢው ያው ነው፤ ሣሩ ላይ መቀመጥም እናውቅበታለን።

የእናታቸው ሐዘን ያልወጣላትን ነፍሳቸውን አምላክ ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን፤ ለእኛም ብርታቱን ይስጠን።

አሁን እሳቸው በአልጋቸው ላይ ሆነው ያስማሉንን እንፈጽማለን። ደጀ ሰላሙ አጠገብ ዳቦና ውኃ ተዘጋጅቷል። ቀብር ሳይፈጸም እህል መቅመስ ነውር እንደሆነ እናውቃለን፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር። የዛሬ መድኃኒታችሁን ያልወሰዳችሁ ሁሉ ሂዱና ውሰዱ። እናንተ ሳትመለሱ አፈር አይለብሱም፤ ቆመን እንጠብቃለን።

ቤተሰቦቻቸው