የጓሮ በራቸው የማይቆለፈው ወይዘሮ አርዲስ ክራማር

ወይዘሮ አርዲስ ሆልታን ክራማር ከአባታቸው ከአቶ ኢንግቫልድ ሆልታን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቦርግሂልድ ሩድ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1941 በሰሜን ዳኮታ፣ በዌልደን ወረዳ፣ ከኦርሴት ከተማ በስተሰሜን ባለው የቤተሰቡ እርሻ ላይ ተወለዱ። በዕለቱ በረዶ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ሐኪሙ አልደረሰም። አንዲት ጎረቤት ግን በጓሮ በር ገብተው አዋለዷቸው። ወይዘሮ አርዲስ ይህን ሲያነሱ፣ «ያኔም ቢሆን ወረዳው አልቆለታል ይባል ነበር፤ እኔ ግን መጣሁ» ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ኦርሴት ትምህርት ቤት ገብተው በ1959 አጠናቀቁ። የክፍል ጓደኞቻቸው አብዛኞቹ ወደ ሚኒያፖሊስና ወደ ዴንቨር ሲነጉዱ እሳቸው ቀሩ። ለምን ቀረሽ ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ፣ «የሄደው ሁሉ ለገና እዚሁ ይመጣ የለ? እኔ ቀድሜ ቦታ ይዤ ነው» የሚል መልስ ነበራቸው።

በ1962 ከአቶ ዱዌይን ክራማር ጋር በኦርሴት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ካረንና ዊልመር የተባሉ ልጆችን አፈሩ። በአባታቸው እርሻ ላይ ስንዴና ሱፍ አመረቱ። በሰማንያዎቹ ዓመታት የእህል ዋጋ ወድቆ ጎረቤቱ እርሻውን በሐራጅ ሲሸጥ፣ ወይዘሮ አርዲስ በየሐራጁ የፖም ፓይ ጋግረው እየሄዱ ከሚለቀው ሰው ጎን ይቆሙ ነበር። ማልቀስ አይወዱም፤ እዚያ ግን ያለቅሱ ነበር። ባለቤታቸው በ1994 በሞት ሲለዩዋቸው እርሻውን ከልጃቸው ከዊልመር ጋር ያዙ፤ ብዙም ሳይቆዩ የወረዳው ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ።

አሁን ሁላችንም ወደምናውቀው ነገር ደረስን። በ2011 ግዛቱ ስለ ወረዳችን ጥናት አወጣ። ሕዝቡ በአሥር ዓመት ውስጥ በአንድ አራተኛ ቀንሷል አለ። ከነዋሪው ገሚሱ ከሃምሳ ሦስት ዓመት በላይ ነው፣ ገቢው ከግዛቱ አማካይ በታች ነው፣ ሲሶው በእርሻ የሚኖር ሲሆን የቀረው በአረጋውያን መኖሪያው፣ በወተት ላም እርባታውና በእህል ጎተራው ይተዳደራል፣ ወጣቱም ይሰደዳል አለ። መደምደሚያውም ኦርሴት ትምህርት ቤት ይዘጋ፣ ልጆቹም በአውቶቡስ ወደ ጎረቤት ወረዳ ይመላለሱ የሚል ነበር። በጥር ወር፣ በዚያ በረዶ፣ የስድስት ዓመት ሕፃን!

ጥናቱን ለማስረዳት ከግዛቱ ዋና ከተማ የመጡት አቶ ኮሊን ማቴስ ነበሩ። ለጥናቱ ቤት ለቤት የተካሄደውን ቆጠራም የመሩት እሳቸው ናቸው። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ገለጻቸውን ገና ሳይጨርሱ ወይዘሮ አርዲስ ተነሱ፦ «ስማኝ የኔ ጌታ፣ ገሚሳችን ከሃምሳ ሦስት በላይ ከሆንን እዚህ አገር ሰው ቶሎ አይሞትም ማለት ነው። እሱን ምነው ሳትጽፈው ቀረህ?»

ሳቁ ሳይበርድ ጎረቤታቸው አቶ ኦርቪል ስቱን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካርታ ተጠግተው ነበር። በቆጠራው ባዶ የተባሉት ቤቶች ካርታው ላይ ግራጫ ቀለም ተቀብተዋል። «ይሄ የኔ ቤት አይደል እንዴ? ባዶ ከሆነ ታዲያ ዛሬ ጠዋት እንቁላሉን ማን በላው?» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ ካርታው ጎረፈ። የወይዘሮ አርዲስም ቤት ግራጫ ነበር።

«ሦስት ጊዜ ተመላልሰን አንኳኳን፤ የከፈተልን የለም» አሉ አቶ ኮሊን።

«የትኛውን በር?» አሉ ወይዘሮ አርዲስ።

«የፊቱን ነዋ! ሌላ የትኛውን?»

በዌልደን የፊት በር ለቤቱ መልክ ነው እንጂ መግቢያ አይደለም። የሚከፈተው ሬሳ ሲወጣ ነው፤ በክረምት በፕላስቲክ ይታሸጋል፣ ከኋላውም የአጋዘን ሥጋ የሞላበት ማቀዝቀዣ ይቆማል። የሚያውቅህ ሰው በጓሮ ዞሮ፣ ሳያንኳኳ፣ «አላችሁ?» እያለ ወጥ ቤት ይገባል። ፊት ለፊት የሚያንኳኳ ዕቃ ሻጭ ወይም ሰባኪ ነውና እስኪሄድ ድረስ ድምፅህን አጥፍተህ መጠበቅ ነው።

ወይዘሮ አርዲስ ፊታቸው ቀላ። «መጋረጃውን ገልጬ አይቼሃለሁ። ሻጭ መስለኸኝ ቴሌቪዥኑን ዝቅ አደረግሁት። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ወዲያው ግን ጣታቸውን ቀሰሩ፦ «ድምፄን አጠፋሁ እንጂ ሞቻለሁ አላልኩም! ነገ ጠዋት መኪናዬ ውስጥ ትገባለህ።»

አቶ ኮሊንም ገቡ፤ ሌላ ምርጫ የነበራቸው አይመስለንም። በጓሮ በር ያልገቡበት ቤት የለም። በየወጥ ቤቱ ሳይበሉ መውጣት ነውር ስለሆነ ሥራው ሲያልቅ ቀበቷቸው አልበቃ ብሏቸው ነበር። ከአረጋውያን መኖሪያው ጀርባ የሚኖሩት የፊሊፒንስ ነርሶችና በወተት ላም እርባታው ግቢ ያሉት የጓቲማላ ቤተሰቦችም ተቆጠሩ። ከእነዚህ አንዳንዶቹን ወይዘሮ አርዲስ ራሳቸውም ያወቋቸው ያን ጊዜ ነው፤ በማግስቱም ቤታቸው ጠርተው የትኛው በር እንደሚከፈት አሳዩአቸው።

የተስተካከለው ቆጠራ ተቀባይነት አገኘ፤ ትምህርት ቤቱም አልተዘጋም። ቁጥራችን እንደ ድሮው አልሆነም፤ መዋሸት አያስፈልግም። «አንሰናል፤ ማነስ ግን መጥፋት አይደለም» ይሉ ነበር ወይዘሮ አርዲስ። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ከገቡት መካከል ከፊሊፒንስ ነርሶቹ የአንዷ የማሪቬል ልጅ አለች።

ባለፈው ዓመት የጣፊያ ካንሰር ያዛቸው። ልጃቸው ካረን ዴንቨር ወስዳ ልታስታምማቸው ብትለምናቸው፣ «እዚያ ብሞት የዴንቨር ሰው ብለው ይቆጥሩኛል፤ እምቢ» አሏት። ጥቅምት ላይ ሱፉ ደርሶ ዊልመር ከአልጋቸው አጠገብ መነሳት ሲያቅተው ጎረቤቶች ሳይጠሩ ኮምባይነሮቻቸውን ይዘው መጥተው በአንድ ቀን አጨዱላቸው። ወይዘሮ አርዲስ ድምፁን በመስኮት ሲሰሙ ዋሉ። በነጋታው፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 19 ቀን 2023፣ በተወለዱ በ82 ዓመታቸው በተወለዱበት ቤት ዐረፉ።

ዛሬ ጠዋት ሬሳ ሊያወጡ የመጡት ሰዎች የፊት በሩን ለመክፈት ማቀዝቀዣውን መግፋት ሲጀምሩ ዊልመር አስቆማቸው። እናቱ፣ «ባዶ ቤት ያስባለኝ ያ በር ነው፤ ሬሳዬም በሱ አይወጣም» ብለው ነግረውታል። ስለዚህ ስድስት ሰዎች ሣጥኑን እያጋደሉ በምድጃው አጠገብ፣ ጭቃ በያዙት ቦት ጫማዎች መካከል በጓሮ በር አወጧቸው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ አቶ ኮሊን ማቴስ ነበሩ።

ወይዘሮ አርዲስ የሁለት ልጆች እናት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ከቀብር በኋላ ምሳው በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነው። ማታ ቤተሰቡን ለማጽናናት ለምትመጡም የወጥ ቤቱ መብራት አይጠፋም። ከሩቅ የመጣችሁ እንግዶች፣ እባካችሁ ፊት ለፊት አታንኳኩ።

የእስራኤል አምላክ ሆይ፣ የመንግሥትህ ደጅ በዕንቁ ያጌጠ ነው ብለው ሰብከውናል። አርዲስን ግን እዚያ ቆመህ አትጠብቃቸው፤ በጓሮ ዞረው «አላችሁ?» ሲሉ ትሰማለህ። ያን ጊዜ ከቤተሰብህ ጋር ቁጠራቸው። አሜን።