በፍትሐቱ መሀል የገባው ድምፅ

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ
የተማሪዎቼን የላብራቶሪ ሪፖርት ሳርም ዋልኩ። አስጠሉኝ። ሬዚስተሩ (ኤሌክትሪክ የሚገታው ዕቃ) ላይ ያለው ቀለም ሲነበብ አንድ ሺህ ኦም ስለሚል፣ ክፍሉ በሙሉ «ለካን፣ አንድ ሺህ ሆነ» ብሎ ጽፏል። አንዲት ነጥብ እንኳ ፈቀቅ ያለች የለችም። ተጠራጥሬ ሳጥኑን ብከፍት መለኪያ ሜትሮቹ ባትሪ የላቸውም! ታዲያ በምን ለካችሁ? በዓይን?
ስለ ቶለራንስ አፌ እስኪደርቅ ነግሬያለሁ። ዕቃው ላይ የተጻፈውና ዕቃው በእውነት ያለው አንድ አይደለም፣ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል... ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ግንቦት 4፣ ሰኞ
ተማሪዬ ያምሮት ጠዋት ከክፍል ቀረች። ከሰዓት ወርክሾፑ በር ላይ ቆማ አገኘኋት፣ ዓይኗ አብጧል።
አገሯ ከቡሬ ወዲያ ገጠር ነው። አክስቷ ንግሥቴ ናት ያሳደገቻት። የአክስቷ ባል ሀይሉ ሆዴን እንዳለ ሳይነጋ ሞተ፤ ቅዳሜ ተቀበረ። በፍትሐቱ መሀል ካህኑ ትንፋሽ ሊወስዱ ዝም ሲሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ስፒከር የማያውቁት ሰው ድምፅ ወጣ አለች። «ድምፅ ሳያሰማ ይገድላል! አንዴ ከቀመሰ አይነሳም!»
ለቀስተኛው ቀጥ አለ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ ንግሥቴን አየ።
«ሟቹ በሌላ ሰው ድምፅ ገዳዩን ተናገረ ይላሉ፣ መምህር።»
«አንቺስ ምን ትያለሽ?»
«እኔ እንጃ፣ መምህር።» ስለ ሬዲዮ ሞገድ መጠላለፍ ወር ሙሉ ያስተማርኳት ልጅ፣ ያሳደገቻት ሴት ስትከሰስ... «እኔ እንጃ»!
ባልና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። የሟቹ ወንድም ዘሩ «መርዛ የገደለች መሬት አትወርስም» ብሎ በሬ ጠምዶ ማሳዋ ገብቷል። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ። ለፖሊስ አመልክት ቢሉት «ሟቹ ራሱ መስክሯል፣ ፖሊስ ምን ይጨምራል?» አለ አሉ። ኤጭ!

ግንቦት 5
የሰው ስም ሳልጠራ፣ ቦታውንና ቀኑን ብቻ ነግሬ ነገሩን ለክፍሉ አቀረብኩት። ምን ሊሆን ይችላል? ግማሹ «መንፈስ ነው» አለኝ። የኤሌክትሪክ ክፍል ነው ወይስ የጠንቋይ ደጅ?
ከኋላ ያ ተኝቶ የሚማረው አንዷለም ብቻ፦ «ቅዳሜ እኮ እዚያ ገበያ ነው፣ መምህር። የአይጥ መድኃኒት ሻጭ አይኖርም?»
አዎ! ያምሮትን ጠየቅኳት። ከመራዊ አዲስ የመጣ ሻጭ ነበር፤ ገበያው ከጉብታው ወዲያ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ አይሰማም። የሻጩ ገመድ አልባ ማይክ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ከገዛው ጋር አንድ ዓይነት ርካሽ ዕቃ ነው፤ የአንዱ ሞገድ ሌላው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ
ደክሞኛል። ግን ልጻፈው። ያምሮትንና አንዷለምን ይዤ እነ ንግሥቴ አገር ሄድኩ።
የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ እንድሪያስ ሽማግሌዎቹን ዛፍ ሥር ሰበሰቡልኝ። የሁለቱን ማይክ ካርቶን አሳየኋቸው፤ የተለያየ ቻናል፣ ማለትም የተለያየ ሞገድ፣ ተጽፎበታል። የተጻፈውን አትመኑ አልኩ። አንዷለም ገበያ ላይ ከሻጩ ጋር ቆመ። የቤተ ክርስቲያኑን ማይክ መቀበያና ስፒከር ከፈትን... ምንም። እንደገና። ምንም።
«መምህር፣ ማይኩም ከአንቱ ጋር አልተስማማም» አለ ዘሩ። ተሳቀ። ማብሪያውን ደግሜ ነካካሁ።
ያምሮት ጠጋ አለችኝ። «መምህር... የዚያን ቀን መቀበያው ፀሐይ ላይ ነበር። ፍትሐቱ ቀትር ላይ ነው።»
እኔ ያስተማርኩትን እኔው ረሳሁት፦ ዕቃ ሲሞቅ ሞገዱ ከተጻፈበት ይንሸራተታል። ከጥላው አውጥተን ፀሐይ ላይ አስቀመጥነው። ጠበቅን። ሽማግሌዎቹ ማዛጋት ጀመሩ። ድንገት ከስፒከሩ፦ «ትኋን! ቁንጫ! አይጥ! ድምፅ ሳያሰማ ይገድላል!»
አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አማተበ። ንግሥቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች።
ዘሩ ግን አላፈረም። «በበለዓም አህያ የተናገረ አምላክ በአይጥ መድኃኒት ሻጭ መናገር ያቅተዋል?» ይኸን ሰምተው ራሳቸውን የነቀነቁ ሽማግሌዎች አሉ። ልክ ነው ብለው!
መሪጌታ ቀስ ብለው፦ «አህያይቱ የተናገረችው ያለ ጥፋቷ ስትመታ ነው፣ ልጄ። አንተን ማን መታህ? በሬህን ፍታ።»

ግንቦት 11
ዘሩ ከማሳው ወጣ። ለሜትሮቹ ባትሪ ገዛሁ። ያምሮት ክፍል ገባች።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ
ንግሥቴ ሳላመሰግናቸው አይቅሩ ብላ ላከችብኝ። ከያምሮት ጋር ሄድኩ።
ኀዘን ቤት ነው፣ ሰው ግን የለም። ጎረቤት ከአጥር ውጭ ሰላም ብሎ ያልፋል።
«ነጻ ነሽ ብለውኛል» አለች። «ቅቤዬን ገበያ አውጥቼ ግን የሚቀምሰው አጣሁ። ይዤው ተመለስኩ።»
ደሜ ፈላ። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? በጆሯቸው ሰሙ፣ በዓይናቸው አዩ! ተሳደብኩ። እሷ ጠላ ልትቀዳ ተነሳች።
እንደ ደንቡ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ብርጭቆውን ሰጠችኝ። ተቀበልኩ። ወደ አፌ ሳነሳ... እጄ ቆመ።
ለምን? እኔ! ያረጋገጥኩት እኔ! ሆዴን ብሎ ሳይነጋ... ይኸ ነው በጭንቅላቴ የመጣው። ለቅጽበት ነው። ግን አየችኝ።
ብርጭቆውን ከእጄ ወስዳ እስከ ግማሽ ጠጣችው፣ አፏን በነጠላዋ ጠርጋ መለሰችልኝ።
«ይኸው ቀመስኩልዎ፣ መምህር።»
ያምሮት መሬት መሬት ታያለች። ጨለጥኩት። ራሴን እንዲህ ተጸይፌው አላውቅም።
«ልድገምዎ?»
«ይድገሙኝ» አልኩ። ቀና ብዬ ላያት ግን አልቻልኩም።