አልወርድ ስላለው ግራ ቅንድቤ

ለተከበሩ የውበት ሳሎኑ ባለቤትና የንቅሳት እርማት ባለሙያ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ እጅዎም ያልደከመ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔን ጤንነት ለመጠየቅ ቢያስቡ ደህና ነኝ፤ ፊቴን ያየ ግን አያምነኝም።

እንደሚያስታውሱት በማዋለጃ ክፍል የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ወደ እርስዎ የመጣሁት፣ በልጃገረድነቴ አክስቴ ወስደው ያስነቀሱኝ ቅንድብ ከጊዜ ብዛት ወደ ሰማያዊ ስለዞረብኝ እንዲያስተካክሉልኝ ነበር። ላደረጉልኝ ሁሉ እያመሰገንኩ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. አሮጌው ንቅሳት አስቀድሞ በሌዘር ይደብዝዝልኝ ብዬ ስለምንዎ፣ ሌዘር የፈሪ ነው ብለው አዲሱን በላዩ ስለነቀሱት አመሰግናለሁ። ቁስሉ ሲሽር አሮጌውም ከሥር ብቅ ስላለ፣ ሌላው ሰው በሁለት ቅንድብ የሚኖረውን ኑሮ እኔ በአራት እየኖርኩት ነው።

2. ቁጭ አድርገው ልኬን መውሰድ ሲገባዎ በጀርባዬ አስተኝተው በክር ስለለኩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ተጋድሜ ሳለሁ ሁለቱም እኩል ነበሩ። ስነሳ ግን ቆዳዬ ወደ ቦታው ተመለሰና ግራው ግንባሬ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ይህንኑ ላመለክት ስመለስ፣ ጠማማው የእርስዎ ሥራ ሳይሆን የእኔ ፊት መሆኑን በደንበኞች ፊት ስላስረዱኝም ውለታዎን አልረሳም።

3. ተኝቼ ሳለሁ ያነሱኝ ፎቶግራፍ ሳሎንዎ ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል። ደንበኞችዎ እንዳይሳሳቱ አግድመው ይስቀሉት።

የቤቱን እችለዋለሁ። ባለቤቴ ማታ ገና ሲያየኝ፣ አንዳች ሳልጠይቀው የዋለበትን ሁሉ ይዘረዝራል፤ ይህን እንኳ በበጎ ልቆጥርልዎ እችላለሁ። ሥራዬን ግን ነክተውብኛል። ምጥ ላይ ያለች ሴት ከመሣሪያው ይልቅ የአዋላጇን ፊት ነው የምታየው፤ እኔም በዚህ ፊት ስንቷን ሳረጋጋ ኖሬአለሁ። በቀደም አንዲት የመጀመሪያዋን የምትወልድ እናት፣ ሕፃኑን ተቀብዬ ቀና ስል ፊቴን አየችና የሞተባት መስሏት እሪ አለች። ልጁ ፍጹም ጤነኛ ነበር። እሷን ለማባበል የፈጀብን ጊዜ ለማዋለድ ከፈጀብን በለጠ። ከዚያ ወዲህ የክፍሉ ኃላፊ ቆቤን እስከ ዓይኔ ዝቅ አድርጌ እንድሠራ አዝዘውኛል። ተናድጃለሁ፤ ከዚህ የተሻለ የጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

በተሰቀለ ቅንድብና በወረደ ቆብ እጅ እየነሳሁ፣
ቀና ብላ ማየት የተከለከለችው አክባሪዎ፣
አዋላጇ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሴት ልጅዎ ወሯ ገብቶ ከእኛ ዘንድ ልትወልድ መሆኑን ለደንበኞችዎ ሲያበስሩ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ተረኛዋ እኔ ከሆንኩ በሁለት እጄ እንደምቀበላት አይጠራጠሩ። ብቻ በዚያች ሰዓት አይታኝ ልቧ እንዳይከዳት፣ ልጇ ደህና መሆኑን፣ ፊቴ ላይ የምታየው ድንጋጤም የእናቷ እጅ ሥራ መሆኑን ከወዲሁ ይንገሩልኝ።