ግድግዳዬን ደግፋ ስለቆመችው መኪና

ለተከበሩ የቤት እድሳት ፈቃድ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤናን፣ ለቢሮዎ ግድግዳም ጽናትን እመኛለሁ፤ ያለ ፈቃድ የማይታደስ ነገር ሁሉ እንዲጸና መጸለይ ከእኛ ከነዋሪዎች ይጠበቃልና።

እንደሚያስታውሱት፣ ባለቤቴ ወይዘሮ አየለች የምትተኛበት ክፍል የጭቃ ግድግዳ በየካቲት ወር ወደ ውጭ ማዘንበል ጀመረ። እግሯ ስለማይታዘዛት ከዚያ ክፍል እምብዛም አትወጣም። ክረምት ሳይገባ ግድግዳውን አድስ ዘንድ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ፈቃዱ እስኪደርስም አሮጌዋን ቶዮታዬን በጀርባዋ አስጠግቼ፣ በመካከል ሦስት አጣና አጋድሜ፣ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ወሽቄ ግድግዳውን አስደገፍሁት። ግንበኛው ኦቦ ቱፋ ከእጃጂ መጥተው ባዩ ጊዜ፣ ቶዮታ ምሰሶ ሲሆን ገና ዛሬ አየሁ፣ ለመሆኑ ፍሬኗ ይይዛል ወይ ብለው ተሳልቀውብኛል።

ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1ኛ፦ መሐንዲስዎ በስድስተኛው ሳምንት ስለመጡልኝ አመሰግናለሁ። ግድግዳው በተሽከርካሪ ስለተሸፈነ መለካት አልተቻለም፣ ተሽከርካሪው ይነሣ ብለው ጽፈው ሄዱ። መኪናዋ ከተነሣች የሚለካ ግድግዳ እንደማይኖር ላስረዳቸው ብሞክር፣ ሐሳቤን በማመልከቻ እንዳቀርብ በትሕትና መከሩኝ። አቀረብሁ። ከአንድ ወር በኋላ የደረሰኝ መልስ መኪናዋ ትነሣ የሚል ነው።

2ኛ፦ ጎረቤቶቼ ኦቦ ጉደታና ወይዘሮ ሃዋኒ ቅዳሜ ማለዳ ከነቤተሰባቸው ወጥተው የምርጊቱን ጭቃ ከጭድ ጋር በእግራቸው ረገጡልኝ። የክፍልዎ ተቆጣጣሪ ግን ጭቃ ማቡካት ግንባታ መጀመር ነው ብለው አስቆሙን። ኦቦ ጉደታ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ እንደቆሙ፣ ታዲያ ለመውጣትስ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ ብለው በመጠየቃቸው እኔ ስለእርሳቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጭቃው ደብዳቤ መጠበቅ ስላልተማረ እዚያው ደርቋል።

3ኛ፦ የመኪናዋ ዓመታዊ ምርመራ ጊዜ አልፏል። ሕግ አክባሪ ነኝና ወደ አምቦ ወስጄ ላስመረምራት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ባለቤቴን በሚወድቅ ግድግዳ አጠገብ ትቶ ሕግ ማክበርን ከማንም አልተማርሁም።

በልጅነቴ ዳዊት ያስደገሙኝ መምህር፣ ሹም ማለት የሰውን ሸክም የሚያቀል ነው ይሉ ነበር። ምናልባት የክፍልዎን መመሪያ አላነበቡም ይሆናል።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ግድግዳ ሁለት ገጽ አለው፤ በውስጥ በኩል የቆመ መኪና የለምና መሐንዲስዎ ሰኔ ሳይገባ መጥተው ከውስጥ ይለኩልኝ።

ትዕግሥትዎን ከመጠን በላይ እንዳልተፈታተንሁ ተስፋ በማድረግ፣ ለማኅተምዎ ከሚገባው ክብር ጋር፣

ከግድግዳው ይልቅ ቀጥ ብዬ የቆምሁ አገልጋይዎ
ገብረአማኑኤል ከበበው

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ሳልልክ የመሐንዲስዎ ሁለተኛ ትእዛዝ ስለደረሰኝ፣ ባለቤቴን በወንበር አሸክሜ ወደ ወይዘሮ ሃዋኒ ቤት ካዛወርሁ በኋላ፣ ትናንት መኪናዋን አነሣሁ። ግድግዳው የሞተሩ ድምፅ ሳይርቅ ወደቀ። ዛሬ ጠዋት፣ ያለ ፈቃድ ቤት ማፍረስን የሚመለከት ማስጠንቀቂያ ከእነማኅተሙ ደርሶኛል። ክፍልዎ በአንድ ቀን ሥራ መጨረስ እንደሚችል ባለማወቄ እስከ ዛሬ ስላማሁት ይቅር ይበሉኝ።