ከሸራው ሥር ያገኘሁት ፊት

ሰኞ
አሕመድን ለውትድርና ወሰዱት። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ገና መድፈኑ። እህል ሊያስፈጭ እንደተሰለፈ ያዙት። ቀበሌ ሮጥኩ። ሊቀመንበሩ ጓድ ጌታሁን ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። «የኔ ልጅ ከሁሉም ቀድሞ ዘምቷል። አንተ ወንድምህን ትሰስታለህ?» አለኝ።
እናቴ እህል አልቀመሰችም። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዚህን ሰው አንጀት እንዴት እንደማሳርር።

ማክሰኞ
የተያዙት ልጆች እስከ ቅዳሜ እዚሁ ደሴ ካምፕ ናቸው አሉ። ከዚያ ወደ ማሠልጠኛ። ስንቅ ተቀበሉን፣ እሱን አላሳዩንም። የእናቶች እጅ በሽቦው አጥር ሾልኮ አገልግል ሲያቀብል አየሁ። እንደኔ ላለ ፎቶ አንሺ ጥሩ ፎቶ ነበር። ግን እዚያ ካሜራ ማን ያወጣል?

ረቡዕ
ኮምቦልቻ ወረድኩ። ፎቶ ላነሳ አስቀድሜ የያዝኩት የኒካህ ሥነ ሥርዓት ነበር። ሙሽራው ዘገየና ገበያ ወጣሁ። ፎቶ ፍለጋ አይደለም፤ እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ ነው። አንዲት አሮጊት ሎሚ ይሸጣሉ፤ እያንዳንዱን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውሉታል። አነጣጠርኩ።
«እኔን ነው ሎሚውን?» አሉኝ።
«ሁለታችሁንም፣ እማማ።»
ከኋላቸው ወደ አሰብ የሚሄድ የጭነት መኪና ቆሟል። ሸራው ተገለጠ። ዘመተ የተባለው የጌታሁን ልጅ በጆንያ መሃል ተሸጉጧል! አባትየው ዳቦ እያቀበለ፣ አገጩን ይዞ ያለቅሳል። ጣቴ ከኔ ቀደመ። ሁለት ጊዜ አነሳሁ። አላዩኝም።
ኒካሁን እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም።

ሐሙስ
ፊልሙን አጠብኩ። የሁለቱም ፊት ጥርት ብሎ ወጥቷል። የቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ልለጥፈው! እሱን ያስሩታል፣ ልጁን ከመንገድ ይለቅሙታል። ወላሂ፣ ደስ አለኝ።
እናቴ ፎቶውን ብዙ አየችው። «ልጁ ምን አደረገህ?»
«አሕመድስ የልጁን አባት ምን አደረገው?»
«የኔን ልጅ አምጣልኝ። የሰው ልጅ አታስበላብኝ።»

ዓርብ
ከጁምዓ ሶላት በፊት ጌታሁን ቢሮ ገባሁ። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ፊቱ አመድ መሰለ። ያ ከወንበሩ የማይነሳ ሰው ራሱ ተነስቶ በሩን ዘጋ።
«ምን ትፈልጋለህ?»
«ወንድሜን።»
«ኔጋቲቩስ?»
«እኔ ዘንድ ይቆያል። እርስዎም እንደ እናቴ እንቅልፍ ይጡ።»
ፎቶውን በወረቀት ሲሸፍነው ቆሜ አየሁት። ለመውጣት አልቸኮልኩም።

ቅዳሜ
አሕመድ ጠዋት ገባ። ራሱን ላጭተውታል። ወረቀቱ «በሕመም የተመለሰ» ይላል። እናቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልለቅም አለች። ድል አድርጌያለሁ አልኩ።
ቀትር ላይ ከጎረቤት ጩኸት ተሰማ። ለካ የዘማቾቹ ቁጥር መሙላት ነበረበት። በአሕመድ ፋንታ የእትዬ ዘሃራን አንድያ ልጅ፣ ይማምን፣ ወስደውታል። እናቴ ነጠላዋን አንስታ ወደዚያ ሄደች። እኔን ዞራም አላየችኝ።
«እኔን ለምን መለሱኝ?» ይለኛል አሕመድ። ኔጋቲቩን ከፊቱ ሸሸግኩ።
ሰኞ ተመልሼ ጌታሁን ቢሮ ልግባበት? ይማምንም መልስ ልበለው? ይመልሰዋል፤ ይፈራኛል። ግን ከዚያ ቀጥሎ የማንን በር ያንኳኳል?