በጥናት ሰዓት የጮኸ ስልክ

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ፣ እንቅልፍሽስ፣ ያ የማይለቅሽ የወገብ ሕመምስ? እኛ ይመስገነው አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍልሽ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ። ስልክሽ «ዝግ ነው» ማለት ከጀመረ ሳምንት አለፈው። ወዳለሽበት ከተማ የምትመለስ የባልደረባዬን እህት በመከራ አግኝቼ ይህን በእጇ ልኬልሻለሁ።

የልጅሽን የድንቢጥን ነገር ልንገርሽ። በማስተምርበት ትምህርት ቤት «የስልክ ጠላት» የሚል ስም እንዳወጡልኝ ታውቂያለሽ። ልጁ ስልክና ጥናት ማመጣጠን ያቃተው ወላጅ ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። ምክሬም አንድ ነው፤ በጥናት ሰዓት ስልኩ ከክፍሉ ይውጣ፣ ጥናቱ ሲያልቅ ይመለስ። ለሌላው ሰው ልጅ ሠርቷል። ያ ስልኩን ይዞ ሽንት ቤት የሚገባው የስፖርት አስተማሪው ልጅ እንኳ ዛሬ ሰው ሆኗል። እቤቴ ስገባ ግን የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሆነብኝ።

ድንቢጥ ስልኩን ከእጇ አታወርድም ነበር። ስትበላም፣ ስታጠናም፣ ስትተኛም። መልአክ ናት አልልሽም፤ የሰው ዳንስ እያየች ብቻዋን ስትስቅ ስንቴ ይዣታለሁ። ትልቁ ፈተና ደርሷል፣ እሷ በሙከራ ፈተናው ሒሳብ ወደቀች። ስቆጣት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ካልሆነልኝ እማዬ ጋ ሄጄ እሠራለሁ!» ደሜ ፈላ። «አንቺን ያለ ትምህርት ማን እንደ እናትሽ የንብረት ክፍል ኃላፊ ያደርግሻል?» አልኳት። ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ስልኩ ላይ አቀረቀረች። ልብ አላልኩትም።

የዚያኑ ቀን ስልኩን ነጥቄ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። መጽሐፏን ዘርግታ ተቀመጠች፤ አንድ ገጽ አልገለጠችም፣ ጆሮዋ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። ከዚያ ስልኩ ጮኸ። አንቺ ነበርሽ። «እቴቴ፣ በእናትሽ ክፈቺልኝ!» አለች። «ጥናትሽን ስትጨርሺ መልሰሽ ትደውዪላታለሽ፣ እናትሽ የትም አትሄድም» አልኳት። ቆመ፤ ደግሞ ጮኸ። ደግሞ። እግሬ ላይ ወደቀች እኮ! እኔ ደግሞ ግትርነቴን ታውቂዋለሽ፤ ዛሬ ከተሸነፍኩ አለቀልኝ ብዬ ድርቅ አልኩ።

ጥናቱ ሲያልቅ ከፈትኩላት። ደወለች፣ ዝግ ነው። በማግስቱም ዝግ። ያኔ ነው እየተንሰቀሰቀች የነገረችኝ። የንብረት ክፍል የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ሰው ቤት ተቀጥረሽ እንደምትሠሪ፣ የምትደውዪው አሠሪሽ ሴትዮ ሻወር ስትገባ ብቻ እንደሆነ፣ ውሃው ሲቆም እንደምትዘጊ። እኔ ሞኟ ከኋላሽ ውሃ ስሰማ «እናንተ ጋ ዝናቡ አያባራም እንዴ?» እያልኩ እቀልድብሽ ነበር፤ አንቺም ትስቂልኝ ነበር። በዚያች ቁራጭ ጊዜ የቀኑን ትምህርት ታነብልሻለች አሉ፤ አንቺም ገባሽም አልገባሽም «እሺ፣ ከዚያስ?» ትያታለሽ። አትቆጪያት፤ ምስጢርሽን እስከ መጨረሻው ጠብቃልሽ ነበር።

ሴትዮዋ መቼ እንደምትታጠብ ስለማይታወቅ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ስትጠብቅ ትውላለች፤ ስትጠብቅ ደግሞ ጣቷ ዳንሱ ላይ ይወድቃል። ለዚህ ምን ዓይነት የሰዓት ደንብ ይወጣለታል? ሃያ ዓመት አስተምሬ አላውቀውም። ትናንት አንዲት እናት መጥታ «ልጄን ከስልክ እንዴት ላላቅቀው?» ብትለኝ «እንጃ» ብዬ ሸኘኋት።

አሁን ስልኩን ቻርጅ አድርጌ መጽሐፏ ላይ የማስቀምጥላት እኔ ነኝ። እሷ አትነካውም። ዳንስም ቀርቷል፤ ባትሪ ይጨርስብኛል ትላለች። ጥናቱም የለም። ሁለታችንም ቁጭ ብለን እናየዋለን።

እህቴ፣ ሥራሽን ለምን ደበቅሽኝ ብዬ አልወቅስሽም፤ እኔ ብሆንም እደብቅ ነበር። አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሳኝ። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደደወልሽ ስልኩ ላይ አየሁት። ሰው ያን ያህል አይታጠብም፤ ምን ገጥሞሽ ነበር?

አምላክ ከክፉ እጅ ይሰውርሽ። የሰው ፊት አያሳይሽ ብዬ እንዳልመርቅሽ እያየሽው ነው፤ እንግዲያው የሚራራ ፊት ያሳይሽ። ደብዳቤዋን ያመጣችልሽን ሴት በሩ ላይ እንኳ ብታገኝሽ እንድትነግረኝ አደራ ብያታለሁ። ማውራት ባትችዪ ሚስኮል ብቻ አድርጊልን፤ አንዴ ጮኾ ይጥፋ። በጥናት ሰዓትም ቢሆን።

ታላቅ እህትሽ