ቁንጫ የሚነሳው ኮቴ ሲሰማ ነው

መስከረም 22፣ 1989። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ዛሬም አንሶላ ማራገፍ። የያራ አልጋ ላይ አራት ቁንጫ፣ ሕፃኑ አልጋ ላይ ሁለት። የማድናቸው በእርጥብ ሳሙና ነው፣ እናቴ እንደምታደርገው። ጠብ ሲል ሳሙናውን ጫን፣ ተጣብቆ ይቀራል። በጥፍር መጨፍለቅ እዚህ አረብ አገር ነውር ነው። ማ. ካየችኝ ሃራም ብላ ትጮኻለች። (ማዳሜን ማ. እያልኩ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ። አማርኛ እንደማታነብ አውቃለሁ፤ ግን ስሟን ሙሉ ስጽፍ ከኋላዬ የቆመች ይመስለኛል።)

የማ. ልጅ ያራ አምስት ዓመቷ ነው። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሦስት ሦስት እየሆነ የተሰለፈ ቀይ ንክሻ። ሕፃኑ ቶኒ ሆዱ ላይ። ማ. ክንዷ ላይ። ሚ/ር፣ ባሏ፣ ካልሲው ሥር። እኔን አንድም አልነካኝም። ጉዴ ይሄ ነው።

ማ. እጅጌዬን ገልባ አየች። እግሬን አየች። ከዚያ በራጊቶቹ ያንቺ ናቸው፣ ጌታቸውን አይነክሱም አለች። በራጊት ቁንጫ ነው በነሱ ቋንቋ። እሑድ ከሳብራ ገበያ በገዛሁት አሮጌ ሹራብ ይዤ የመጣሁ መስሏታል። ሹራቡን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ቆሻሻ ውስጥ ከተተችው። ገና አንድ ቀን ነበር የለበስኩት።

የሚያስፈራው ወዲህ ነው። ያመጣኝ መክተብ፣ ያኒ የሠራተኛ አስቀጣሪው ቢሮ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ሠራተኛ መልሶ ይቀይራል። የኔ ሦስት ወር መስከረም 30 ይሞላል። እስከዚያ ቤቱ ካልጠራ ኸላስ፣ አበቃ፣ ትመለሻለሽ ብላኛለች። እናቴ ጥማድ በሬዋን ሸጣ ነው የላከችኝ። ደብረ ሲና ምን ብዬ እገባለሁ? ቁንጫ አባረረኝ ብዬ?

መስከረም 23፣ ከሰዓት 11

ምንጣፎቹን በሙሉ በረንዳ ላይ ደበደብኳቸው። መጋረጃ አወረድኩ፣ ቀቀልኩ። ከሕንፃው ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ቅጠል ሸምጥጬ ከየፍራሹ ሥር ጎዘጎዝኩ። ማ. ሽታው ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል ብላ አስወጣችው። ሰፈሩን፣ አንጠልያስን ሁሉ ባጥብ የምጨርስ አይመስለኝም።

አንድ ነገር አልገባኝም። ቁንጫ እንስሳ ይፈልጋል። ይህ ቤት ውሻ የለውም፣ ድመት የለውም። ማለቴ አሁን የለውም። ቴታ ሳሉ ነበር። ቴታ አያት ማለት ነው፤ የሚ/ር እናት። እኔ በመጣሁ በሁለት ሳምንቴ ሞቱ። እግራቸውን ያጠብኩላቸው እኔ ነኝ። በእጃቸው ዳሰስ አድርገውኝ መርሲ፣ አመሰግናለሁ፣ ይሉኝ ነበር። ከሞቱ ጀምሮ ክፍላቸው ተቆልፏል። ቁልፉ ማ. ጋ ነው።

ስለ ድመቷ ዛሬ አልጽፍም።

መስከረም 24፣ 9 ሰዓት ከሰዓት

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴን አትታዘቢኝ።

8 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። የፍሪጁ ድምፅ ቆመ። ማ. ከሕፃኑ ጋር ተኝታለች። ቤቱ ጭጭ። ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ሩዝ ስለቅም ነበር።

ሸርተት። ሸርተት።

ነጠላ ጫማ ነው። እግሩን የማያነሳ ሰው። ቴታ እንደዚያ ነበር የሚሄዱት፤ የጫማቸው ተረከዝ እንጨት ነበረ፣ መጨረሻ ላይ ቋ ይላል። ሸርተት ቋ፣ ሸርተት ቋ። ወደ በረንዳው ሄደ። ቆየ። ተመለሰ። ሁሉም ከተቆለፈው ክፍል ውስጥ ነው፤ ክፍሉ የራሱ በረንዳ አለው።

በሩ ጋ ሄጄ እጀታውን ያዝኩ። ተቆልፏል። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ውስጥ ያለው ነገር ዝም አለ፤ እኔን የሚሰማ ሰው ዝም እንደሚል ነው ዝም ያለው። ሮጬ ወጥ ቤት ገባሁ። ሩዙን መሬት ደፋሁት።

ማታ የጨመርኩት፦ ያራ እግር ላይ አምስት አዲስ ንክሻ።

መስከረም 25፣ ረፋድ

ልብስ ሳሰጣ ከላይ ፎቅ የምትሠራውን ከድጃን አገኘኋት። የወሎ ልጅ ናት፣ እዚህ አራት ዓመት የሠራች። ድምፁን ነገርኳት። ቴታ አርባቸው አልፏል ወይ አለች። አልፏል አልኳት። ከዚያ በአረብኛ ትንሽ ቀራች። ቀጥላ ሌላ ነገር ነገረችኝ፣ እሱ ነው የባሰብኝ። አገሯ ሰው ጥሎት በሄደ ቤት ቁንጫ አይሞትም ትላለች። መሬት ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። ሳምንት ይሁን ወር ግድ የለውም። የሚነሳው ኮቴ ሲሰማ ነው። ሰው ሲገባ ሁሉም አንዴ ይነሳል፣ እግርሽ ይጠቁራል።

እና እዚያ ክፍል ውስጥ ማን ይራመዳል?

መስከረም 25፣ 12 ሰዓት ማታ

የተባይ መድኃኒት የሚረጨው ሰውዬ መጣ፤ ማ. ጠርታው። ሽማግሌ፣ አፉን በጨርቅ የጠቀለለ። ቤቱን ዞሮ ዞሮ የቴታ በር ላይ ቆመ። ክፈቱት አለ። ማ. አልፈለገችም። ኋላ ከፈተች።

ሁሉም እንዳለ ነው። አልጋው ተነጥፏል፣ መነጽሩ ኮሞዲኖ ላይ፣ ነጠላ ጫማው አልጋው ሥር ተሰልፎ። ማ. ነጠላ ጫማውን ስታይ አለቀሰች። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ አሳዘነችኝ።

ሰውዬው ነጭ ካልሲ ነበር ያደረገው። ሦስት እርምጃ ገባ። ካልሲው እያየሁት ጠቆረ። ከድጃ ያለችው ከነነፍሱ። እሱ ግን አልደነገጠም፤ ወጥቶ አራገፈና ማ.ን ሰው እዚህ በቅርብ ተራምዷል፣ ቁንጫዎቹ ነቅተዋል አላት። ማ. ወደኔ ዞረች። ቁልፉ ያንቺ ቦርሳ ውስጥ ነው አልኳት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉሻል እንደዚህ ነው።

ወለሉን በሙሉ ነጭ ዱቄት በተነበት። መርዝ ነው። ሦስት ቀን ማንም እንዳይገባ። ልጆቹ በሩንም እንዳይነኩ። ሕፃን ከላሰው ሃራም ነው፣ በቀጥታ ሆስፒታል አለ። ማ. ሁለት ጊዜ ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ውስጥ ከተተችው።

መስከረም 26፣ 9 ሰዓት ተኩል

መብራት የለም። ማ. ተኝታለች። ሸርተት ቋ። ወደ በረንዳ። ተመለሰ።

ድምፁ እስኪጠፋ ጓዳ ገብቼ ቆየሁ። ከዚያ ተንበርክኬ በቁልፉ ቀዳዳ አየሁ። ማየት አልነበረብኝም። ዱቄቱ ላይ ኮቴ አለ። ትልቅ የነጠላ ጫማ ኮቴ፣ ከአልጋው እስከ በረንዳው በር፣ ከበረንዳው በር እስከ አልጋው። አጠገቡ ትንንሽ ክብ ክብ ነገር፣ አራት አራት እየሆነ።

የድመት።

እሺ። ልጻፈው። ቴታ በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ማ. ሚሽሚሽን፣ ቀዩዋን ድመት፣ ጆንያ ውስጥ ከታ ሰጠችኝ። በሰርቪስ ታክሲ ከወንዙ ማዶ ወስደሽ ጣያት አለችኝ። አገሩን አላውቅም፣ ቋንቋውን አላውቅም። መንገድ ጠፍቼ ብቀርስ? ጆንያው እቅፌ ውስጥ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። እናቴ ደግሞ ድመት ያጠፋ እጁ ዕድሜ ልኩን ይንቀጠቀጣል ትላለች፤ እንደሷ የሚያምን ሰው አላየሁም፣ የኔ እምነት ከሷ የወረስኩት ነው። ከሕንፃው ጀርባ ባሕር ዛፉ ሥር ጆንያውን ፈትቼ ለቀቅኳት። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ አንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ ተመለስኩ። ጣልኳት፣ በጣም ሩቅ ነው አልኩ። ማ. ጎበዝ አለችኝ።

ባሕር ዛፉ ቅርንጫፉ የቴታ በረንዳ ላይ ነው የሚያርፈው። ቁንጫውን ያመጣሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። ማ. እውነቷን ነው፤ ሹራቡን ብቻ ነው የተሳሳተችው።

ድመቷ ገባኝ። ጫማው ግን አልገባኝም። ድመት ጫማ አታደርግም።

መስከረም 27፣ 10 ሰዓት

ያዝኳት። ያራ ናት!

እንቅልፍ ሰዓት ላይ አልጋዋን አየሁ፤ የለችም። የቴታ በር ገርበብ ብሏል። ገፋ አደረግኩት። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። በአያቷ ነጠላ ጫማ፣ ወገቧን አጉብጣ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ሸርተት ቋ፣ ሸርተት ቋ። ተዒ ያ ሚሽ፣ ተዒ (ነይ ሚሽ፣ ነይ) ትላለች፣ በቴታ ድምፅ። የልጅ ድምፅ አልነበረም። ሚሽሚሽ ያራ በከፈተችው የበረንዳ በር ገብታ እግሯ ላይ ተሻሸች። ድመቷ የምትመጣው ለዚያ ኮቴ ብቻ ነው። ቁንጫውም እንዲሁ።

ጉልበቷ ድረስ ነጭ ነበረች። ጣቷን አፏ ውስጥ አድርጋ።

አፈፍ አድርጌ ወደ መታጠቢያ ወሰድኳት። ሦስት ጊዜ በሳሙና። አፏን አጉመጠመጥኩ። አላለቀሰችም። ቁልፉ የቴታ የራሳቸው ቁልፍ ነው፤ አሻንጉሊቷ ሆድ ውስጥ ትደብቀዋለች። ቁልፉንም ጫማውንም ወሰድኩ። ሁለተኛ እንዳትገቢ፣ መርዝ ነው፣ ትታመሚያለሽ አልኳት። በደንብ ሰማችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

"እኔ እስከ በረንዳው ብቻ ነው የምሄደው። የምትመለሰው ቴታ ናት።"

ፎጣው ከእጄ ወደቀ። ልጅ ናት፣ ጨዋታ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጸጉሯን ሳደርቅ ግን በሩን ጀርባ መስጠት አልቻልኩም።

መስከረም 28፣ ማታ 1 ሰዓት

ማ. ጸጉር ቤት ስትሄድ ሚሽሚሽን ያዝኩ። ልብስ ማጠቢያው ጋ በሳሙና ዘፈዘፍኳት፣ በቅማል ማበጠሪያ አበጠርኳት። ውኃው ጠቆረ። ክንዴን ቧጨረችኝ፤ ሥራ ነው የቧጨረኝ እላለሁ። መልሼ ወደ ባሕር ዛፉ ሰደድኳት። የቴታን ክፍል ጠረግኩ፣ ዱቄቱን በእርጥብ ጨርቅ ሰበሰብኩ፣ የበረንዳውን በር ቀረቀርኩ።

ዛሬ አዲስ ንክሻ የለም። አንድም! ማ. በራሷ እጅ ፖም ሰጠችኝ። ሁለት ቀን ነው የቀረኝ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ከ30 በኋላ መክተቡ አይቀበለኝም፣ ማ. አትቀይረኝም፣ እናቴ አታፍርም። ዝም እላለሁ። ወስኛለሁ።

ነጠላ ጫማው ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አሥሬዋለሁ፣ ከማተቤ ጋር።

መስከረም 29፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ያራ ሁለት ጊዜ አስመለሰች። ማ. ትናንት የበላችው አይብ ነው ትላለች።

መስከረም 29፣ 7 ሰዓት ተኩል

ሦስተኛ ጊዜ። ምራቋ ይዝረበረባል፣ ዓይኗ ብሌኑ አንሷል፣ እንደ መርፌ ጫፍ። ማ. ለሐኪሙ ደወለች፤ ምን በላች፣ ምን ነካች ብሎ ጠየቀ። ማ. ወደኔ ዞራ ጠየቀችኝ። ምንም አልኩ።

ምንም አልኩ፣ ደብተሬ። ከአፌ የወጣው እሱ ነው። ሐኪሙ እንግዲያው ውኃ ስጧትና አስተኟት፣ ካልተሻላት ማታ አምጧት አለ። ያራን እኔ ክፍል አስተኛኋት፤ ከኔ ጋር ካልሆነ አለች። ማ. እንቅልፍ ሳትተኛ ስላደረች ጋደም ብላለች።

አጠገቤ ተኝታለች። እጇ እጄ ውስጥ ነው፣ ላቧ ይቀዘቅዛል። የበሬውን ጥማድ እያሰብኩ ነበር ምንም ያልኩት። የናቴን በሬ ከልጅ ጋር መዘንኩ። እግዜር ይይልኝ።

8 ሰዓት ከሩብ

መብራት ሄደ። ፍሪጁ ዝም አለ።

ሸርተት።

ያራ አጠገቤ ናት። ትተነፍሳለች፤ እያየኋት ነው። ቁልፉ አንገቴ ላይ። ሻንጣዬን ከፈትኩት፤ ነጠላ ጫማው አለ፣ ሁለቱም፣ ነጭ እንደሆነ። የማ. በር ዝግ ነው፣ ከውስጥ የሕፃኑ ማንኮራፋት ይሰማል። ሚ/ር ሥራ ነው።

ሸርተት ቋ። ሸርተት ቋ።

ወደ በረንዳው ሲሄድ አልሰማሁም። የሰማሁት ሲመለስ ብቻ ነው። ግን አልጋው ጋ አልቆመም። በሩ ጋ ደርሷል። ያራ ዓይኗን ሳትገልጥ ፈገግ አለች።

ልነሳ ነው። ማዳም ሮላን እቀሰቅሳለሁ። ስሟን ሙሉ ጻፍኩት፣ ተይው። ሁሉንም እነግራታለሁ፦ ጆንያውን፣ ባሕር ዛፉን፣ ቁልፉን፣ ዱቄቱን፣ ጣቷን አፏ ውስጥ እንዳየሁ። ሐኪሙ ዱቄቱን ይወቅ። መክተቡም ይውሰደኝ። ልጅቷን አቅፌ በቴታ በር በኩል ማለፍ አለብኝ፣ ሌላ መንገድ የለም። ድምፁ እዚያው ነው፤ እጀታው እየዞረ…